ጂፒኤስ ሲጠፋ ድሮንን ተቆጣጥሮ ማሳረፍ፦ ለአንድ ሥራ ፈላጊ አብራሪ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂ፣

በደብዳቤዎ እንደገለጹልኝ፣ ካሜራ በተገጠመለት ድሮን የዝግጅት ቀረጻ ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ የሕንፃና የድልድይ ፍተሻ በሚያካሂድ ድርጅት ለአብራሪነት ተወዳድረዋል። በቃለ መጠይቁ ላይ «ጂፒኤስ ቢጠፋ ድሮኑን ተቆጣጥረው ማሳረፍ ይችላሉ?» ተብለው ሲጠየቁ «የእኔ ድሮን ራሱ ስለሚቆም እስካሁን አላስፈለገኝም» ብለው መለሱ፤ ከዚያም በኋላ አልተጠሩም። አሁን የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ዘመናዊ ድሮን በራሱ የሚሠራውን ነገር በእጅ መማር ጊዜ ማባከን አይሆንም ወይ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ጊዜ ማባከን ካልሆነ ያለዎትን ብቸኛ የሥራ መሣሪያ ሳይሰብሩ እንዴት ሊማሩት እንደሚችሉ ነው።

ጊዜ ማባከን አይደለም። በቀረጻ ሥራ ብቻ ለመቆየት ቢያስቡ ኖሮ እንደ ተጨማሪ ጥንቃቄ ሊቆጥሩት ይችሉ ነበር፤ ወደ ፍተሻ ሥራ መግባት ከፈለጉ ግን ያለዚህ ችሎታ ብዙ አይራመዱም። ጠያቂው ሊያጠምድዎ ፈልጎ ያነሳው ጥያቄ አልነበረም። የፍተሻ አብራሪ ብዙ የሥራ ሰዓቱን የሚያሳልፈው ጂፒኤስ የሚሠራበት የሳተላይት ምልክት በሚደክምባቸው ወይም በሚዛባባቸው ቦታዎች ነው፤ በድልድይ ሥር፣ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል፣ ከብረት ማማ አጠገብ፣ አንዳንዴም ሰማይ ጨርሶ በማይታይበት ትልቅ የነዳጅ ወይም የውኃ ታንከር ውስጥ ይሠራል። እንዲህ ላለው ቦታ ተብለው የሚሠሩ፣ በመከላከያ ቀፎ የተሸፈኑና ያለ ጂፒኤስ የሚበሩ ድሮኖች እንኳ አሉ፤ የፍላያቢሊቲ ኩባንያ «ኢሊዮስ» የታወቀ ምሳሌ ነው።

«ራሱ ይቆማል» ያሉትን ነገር በቅርብ እንየው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር ገጽ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ስለሚዞሩ፣ ድሮኑ ዘንድ የሚደርሰው ምልክታቸው እጅግ ደካማ ነው። ድሮኑ ያለበትን ቦታና ከፍታ ለማወቅ ቢያንስ የ4 ሳተላይቶች ምልክት ያስፈልገዋል፤ ይህን ሲያገኝ ኮምፒውተሩ የቆመበትን ነጥብ ይመዘግባል። ነፋስ ገፍቶ ከነጥቡ ሲያርቀው ኮምፒውተሩ ድሮኑን በተቃራኒው አቅጣጫ በማጋደል ይመልሰዋል። ስለዚህ በሪሞቱ ላይ ያለውን መቆጣጠሪያ ዘንግ፣ ማለትም ስቲኩን፣ ሲለቁ ድሮኑ የሚቆመው ፍሬን ስላለው ሳይሆን፣ እርስዎ ሊሠሩት ይገባ የነበረውን እርማት ኮምፒውተሩ በየቅጽበቱ ስለሚሠራልዎ ነው። ጂፒኤሱ ሲጠፋ ይህ እርማት አብሮ ይጠፋል። ባሮሜትሩ ከፍታውን፣ ጋይሮስኮፑና አክስለሮሜትሩ ደግሞ ሚዛኑን እንደጠበቁ ይቀጥላሉ፤ ነገር ግን ድሮኑ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። አብራሪዎች ይህን ሁኔታ «አቲ ሞድ» ይሉታል። በዚህ ሁኔታ ስቲኩን የለቀቀ ሰው ድሮኑ ቀጥ ብሎ፣ ከፍታውንም ጠብቆ፣ በወንዝ ላይ መልሕቅ እንደሌላት ጀልባ ነፋሱ ወደሚወስደው ሲሄድ ያያል። የነፋሱ ፍጥነት በሰከንድ 5 ሜትር ከሆነ፣ ድሮኑ ያንን ፍጥነት ከያዘ በኋላ 10 ሰከንድ ግራ ተጋብቶ መቆየት ወደ 50 ሜትር የሚጠጋ ርቀት ያስኬደዋል።

«የእኔ ድሮን እኮ ከሥሩ የሚያይ ካሜራ አለው» ሊሉኝ ይችላሉ፤ እውነት ነው፣ እጅግም ይረዳል። ሆኖም የታች ካሜራዎቹ ቦታ የሚይዙት ድሮኑ ዝቅ ብሎ ሲበር፣ ብርሃን ሲኖርና ከሥሩ ያለው ገጽ የሚለይ ምልክት ሲኖረው ነው። በውኃ ላይ፣ በሚያብረቀርቅ ወለል ላይ፣ አንድ ዓይነት ቀለም ባለው ሰፊ ገጽ ላይ ወይም በጨለማ አይታመኑም። ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጡት አብዛኞቹ አዳዲስ ድሮኖች ደግሞ አቲ ሞድን በፈቃድ የሚመርጡበት ማብሪያ የላቸውም፤ ጂፒኤሱም ካሜራውም በአንድ ጊዜ ሲጠፉባቸው ግን ወደዚያ ሁኔታ በራሳቸው ይወድቃሉ። የዚህ አሠራር ጉድለት ግልጽ ነው፤ አብራሪው ሁኔታውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገኘው በልምምድ ሜዳ ላይ ሳይሆን በድልድይ ሥር፣ ውኃ ላይ፣ ሲመሽ ነው።

ከጂፒኤስ መጥፋት የባሰ አደናጋሪ ሆኖ የማገኘው የኮምፓስ መዛባት ነው። በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ላይ የሳተላይቱ ቁጥር ሙሉ ነው፣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፤ ድሮኑ ግን አንድ ቦታ መቆም አቅቶት እየሰፋ በሚሄድ ክብ ይዞራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በአቅራቢያው ያለ ብረት ኮምፓሱን ስላሳተው ኮምፒውተሩ የድሮኑ ፊት ወዴት እንደዞረ በትክክል አያውቅም፤ ስለዚህ ወደ ነጥቡ ለመመለስ የሚሰጠው እርማት ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ያንን ለማረም የሚሰጠው ቀጣዩ እርማትም እንዲሁ። እዚህ ላይ ችግሩን የሚያባብሰው የጂፒኤሱ እርዳታ ራሱ ነው። ማብሪያ ያለው ድሮን የያዘ አብራሪ ወደ አቲ ሞድ ቀይሮ በእጁ ያወጣዋል፤ ማብሪያ የሌለው ደግሞ ስቲኩን ሳይለቅ ከብረቱ አርቆ፣ ዝቅ አድርጎ፣ ሳይዘገይ ማሳረፍ አለበት። ከመኪና ጣሪያ ላይ ወይም ብዙ ብረት ከያዘ የኮንክሪት ወለል ላይ አለመነሳት፣ ኮምፓስንም እንዲህ ባለ ቦታ አለማስተካከል የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ቅጥሩ ልመለስ። በብዙ አገሮች የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ እጅዎ ምን እንደሚችል አይናገርም። ለምሳሌ በአሜሪካ ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው «ፓርት 107» የሚባለው ደንብ ለንግድ ሥራ የሚያበር ሰውን በጽሑፍ ፈተና እንጂ በበረራ አይፈትንም። ስለዚህ ጥንቁቅ ቀጣሪ የራሱን የበረራ ፈተና ይሰጣል። ፈተናው ብዙ ጊዜ የሚያስፈራ አይደለም። ተፈታኙ ድሮኑን ከፊቱ ጥቂት ሜትሮች አርቆ ከሰው ቁመት በላይ ያቆማል፤ ፈታኙ ሳያስጠነቅቅ ሞዱን ይቀይረዋል። በዚህች ሰዓት ልምድ ያለው ፈታኝ የሚያየው ድሮኑን ሳይሆን የተፈታኙን አውራ ጣቶች ነው። በጂፒኤስ ብቻ የለመደ ሰው ድሮኑ መንሸራተት ሲጀምር የመጀመሪያ ሥራው ስቲኩን መልቀቅ ነው፤ እስከዛሬ ይህ ሁልጊዜ አቁሞለታልና። ከዚያ ዓይኑ ወደ ስክሪኑ ይወርዳል። የለመደው ሰው ግን ድሮኑን በዓይኑ ይዞ፣ የቀኙን ስቲክ ወደ ነፋሱ በትንሹ ገፍቶ ይይዛል። አውራ ጣቱ አይቆምም፤ በጥቃቅን እንቅስቃሴ ትሠራለች። ልዩነቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይታያል፤ ስለዚህም በቃለ መጠይቅ የተነገረ ጥሩ ንግግር አይሸፍነውም።

ልምምዱን በሲሙሌተር ይጀምሩ፤ ግን በኮምፒውተር ቁልፎች ሳይሆን ከኮምፒውተሩ ጋር በሚገናኝ እውነተኛ ሪሞት መሆን አለበት፤ ምክንያቱም የሚያሠለጥኑት ጣትዎን ነው። ቀጥሎ ጂፒኤስ የሌለው፣ ፕሮፔለሩ የተከለለ፣ ቢወድቅ የማያስቆጭ ትንሽ ድሮን ይግዙ ወይም ይዋሱ። የሥራ ድሮንዎን የመጨረሻ ያድርጉት። አንዳንዶች የድሮኑን አንቴና በአልሙኒየም ፎይል ሸፍኖ ጂፒኤሱን «ማጥፋት» ይመክራሉ፤ እኔ አልመክርም። ፎይሉ በበረራ መሃል ቢንሸራተትና ጂፒኤሱ ቢመለስ ድሮኑ በየትኛው ሞድ እንዳለ በእርግጠኝነት ማወቅ አይችሉም፤ ፎይሉ ፕሮፔለር ውስጥ ሊገባም ይችላል።

በመጀመሪያ ድሮኑ ጀርባውን ሰጥቶዎት አንድ ቦታ ላይ ማቆምን ይልመዱ፣ ቀጥሎ ጎኑን ሰጥቶ፣ ቀጥሎ ፊቱን ወደ እርስዎ አዙሮ። የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚሸነፍበት ስለሆነ ከሁሉም በላይ ጊዜ ይስጡት። ፊቱ ወደ እርስዎ ሲዞር የእሱ ቀኝ የእርስዎ ግራ ይሆናል፤ ጭንቅላት ውስጥ እያገላበጡ ማሰብ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜው ግን የለም። የሚረዳዎት አንድ ደንብ አለ። ድሮኑ ፊቱን ወደ እርስዎ አዙሮ ወደ አንድ ጎን ከሸሸብዎ፣ ስቲኩን ወደዚያው ወደሸሸበት ጎን ይግፉት፤ ይቆማል። ይህ ያለ ሐሳብ ከጣትዎ ሲወጣ ወደ ካሬ፣ ወደ ክብ፣ በመጨረሻም ወደ ስምንት ቁጥር ቅርጽ ይሂዱ። ማቆምንም ለብቻው ይለማመዱት፤ በአቲ ሞድ ፍጥነት የሚበርደው ስቲኩን በመልቀቅ ሳይሆን ለአጭር ጊዜ ወደ ተቃራኒው በመግፋት ነው። ሰው በሌለበት ሜዳ፣ ቀላል ነፋስ ባለበት ቀን፣ ድሮኑን ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል አድርገው ይሥሩ፤ ቢያመልጥዎ ከእርስዎ አይርቅም፤ ከጀርባዎ ግን ባዶ ቦታ ይተዉ። ሲያወርዱ ቀጥ አድርገው በፍጥነት አያውርዱት፤ ድሮኑ ራሱ ወደ ታች በገፋው አየር ውስጥ ሲገባ መያዣ ያጣል፤ ትንሽ ወደ ጎን እያስኬዱ ያውርዱት።

ይህን ሁሉ ስል ጂፒኤስን ይናቁት ማለቴ አይደለም። በሥራ ቀን ጂፒኤስ ካለ ይጠቀሙበት፤ እጅ የሚሠለጥነው እርዳታው ሲቋረጥ ለመረከብ ነው። ከእርዳታው ጋር ማብረርም የራሱ ዕውቀት አለው፣ በተለይ ወደ መነሻ በራስ የመመለሻውን ነገር በተመለከተ። ድሮኑ መነሻ ነጥቡን የሚመዘግበው በቂ ሳተላይት ሲያገኝ ነው። ሳይጠብቁ ከድልድይ ሥር ቢያስነሱትና ከድልድዩ ሲወጣ ሳተላይት ቢያገኝ፣ ያን ጊዜ ያለበትን ቦታ መነሻው አድርጎ ሊመዘግብ ይችላል፤ ያ ቦታ ደግሞ ውኃ ላይ ሊሆን ይችላል። የመመለሻ ከፍታውም በአካባቢው ካለው ረጅም ነገር በላይ ሆኖ ይሞላ፤ ነገር ግን ከድልድይ ወይም ከጣሪያ ሥር ሲሠሩ ይኸው ከፍታ ጠላት ይሆናል፤ የሪሞቱ ግንኙነት ሲቋረጥ ድሮኑ ለመመለስ ብሎ ቀጥ ብሎ ይወጣና ከላዩ ካለው ኮንክሪት ጋር ሊጋጭ ይችላል። ስለዚህ ግንኙነት ሲቋረጥ ድሮኑ ይመለስ፣ ባለበት ይቁም ወይስ ይረፍ የሚለውን ምርጫ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ለቦታው በሚስማማ መንገድ ያስተካክሉ። ጂፒኤስ ሲጠፋ ደግሞ መመለሻው ቁልፍ ዋጋ እንደሌለው ይወቁ፤ ድሮኑ መነሻው የት እንደሆነ ቢያውቅም እሱ ራሱ የት እንዳለ አያውቅም። በዚያን ጊዜ ከመዋቅሩ ሥር ካሉ ሽቅብ ሳይወጡ በገቡበት በኩል ይውጡ፤ ከዚያም እግርዎ ሥር ካልሆነ ብለው ሳይጓጉ በቅርብ ባለው ባዶ ቦታ ያሳርፉ። ይህ ሁሉ የሚቻለው ድሮኑ ከዓይንዎ ካልራቀ ብቻ ነው። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ኅብረት መደበኛው ደንብ ድሮኑ ከዓይን እንዳይርቅና ከ120 ሜትር ገደማ በላይ እንዳይወጣ ያዛል፤ የሚሠሩበትን አገር ደንብ ከሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ ያረጋግጡ።

ለማመልከቻዎ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። እስካሁን ለቀጣሪ ያሳዩት የነበረው ድሮኑ የቀረጸውን ምስል ነው፤ ለፍተሻ ሥራ ግን ከውጭ የተቀረጸ፣ እርስዎና ድሮኑ በአንድ ላይ የምትታዩበት፣ ያለ ጂፒኤስ ስምንት ቁጥርን ሠርተው የሚያሳርፉበት የ2 ደቂቃ ቪዲዮ ይበልጣል። የበረራ መዝገብዎም ላይ ያለ ጂፒኤስ የበረሩትን ሰዓት ለብቻው ይጻፉ፤ የሲሙሌተሩን ሰዓት ከእውነተኛው ጋር አይደምሩት፤ የሚያውቅ ሰው ይጠይቅዎታል።

ያልጠራዎትን ድርጅት በተመለከተ፣ በሩ የተዘጋ አይመስለኝም። ልምምዱን ሲጨርሱ ቪዲዮውን አያይዘው በአጭሩ ይጻፉላቸው፤ ባለፈው ጊዜ ይህ ችሎታ እንዳልነበረዎት፣ አሁን ግን በበረራ ፈተና ለማሳየት ዝግጁ እንደሆኑ ይግለጹ። ከተጠሩ ደግሞ እርስዎም የሚጠይቁት ይኑርዎት፦ ድሮኖቻቸው የአቲ ሞድ ማብሪያ አላቸው ወይ፣ በመዋቅር ሥር ሲበር ዓይኑን ከድሮኑ የማይነቅል ሁለተኛ ሰው አብሮ ይመደባል ወይ፣ በሥራ ላይ ድሮን ቢሰበር ወጪው የማን ነው። የመጨረሻውን መልስ በውሉ ላይ ተጽፎ ካላዩት አይፈርሙ።