ፈረንሳይ እየታየኝ ከውሃ ወጣሁ፦ ስለ ረጅም የባሕር ዋና ጠይቁኝ

ከእንግሊዟ ዶቨር ተነስቼ እንግሊዝ ቻናልን፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር፣ በዋና ለመሻገር ሞክሬ ነበር። 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረኝ አጃቢ ጀልባዬ ላይ የነበሩት አወጡኝ። ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁ ዛሬ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን፦ ማንም ብቻውን ባሕር አይግባ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ያን ሁሉ ዋኝተው 3 ኪሎ ሜትር እንዴት አቃተዎት?

መልስ፦ በካርታ ከዶቨር በፈረንሳይ በኩል እስካለው ካፕ ግሪ ኔ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ግን አይቆምም። ስድስት ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይፈሳል፣ ከዚያ ተገልብጦ ወደ ደቡብ ምዕራብ። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የሚሻገር የለም። መንገዱ ይጠማዘዛል። ካፕ ግሪ ኔ ደግሞ ወደ ባሕሩ የወጣ የመሬት አፍንጫ ነው። በሰዓቱ ካልደረስክ ፍሰቱ ይዞህ ያልፋል፣ የብሱም ይርቅሃል። እኔ የዘገየሁት 40 ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ዋኘሁ። የመርከብ መብራት ማማው መጀመሪያ ከፊቴ ነበር፣ ቀጥሎ ከጎኔ ሆነ፣ በመጨረሻ ከኋላዬ ቀረ። ርቀቱ ግን ያው ነው።

ጥያቄ፦ ብርዱስ?

መልስ፦ ውሃው በሞቃቱ ወራት እንኳ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ነው። የሚፈቀደው ተራ የዋና ልብስ፣ ኮፍያና መነጽር ብቻ። መጠጥ ከአጃቢው ጀልባ በገመድ ታስሮ ይወረወርልሃል። ጀልባውን ከያዝክ ሙከራህ አለቀ። በ13ኛው ሰዓት ኮዳው ሲመጣ ጣቶቼ በብርዱ ተለያይተው አልገጥም አሉ። በሁለት መዳፌ ይዤ ጠጣሁ። ጀልባው ላይ የነበረው ጓደኛዬ የእናቴን ስም ጠየቀኝ። የእህቴን ነገርኩት። ያኔ አወጡኝ። ልክ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ስንት ልምምድ ይበቃል?

መልስ፦ ለየትኛው ውሃ? በስንት ዲግሪ? ዝም ብሎ "ስንት" አይባልም። ለቻናል ከሆነ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ከ16 ዲግሪ ባልበለጠ ውሃ ዋኝተህ ማረጋገጫ ታቀርባለህ።

ጥያቄ፦ ጣናን ከባሕር ዳር እስከ ዘጌስ?

መልስ፦ ጉማሬ አለ። ብቻችሁን አትግቡ ብያለሁ።

አባል፦ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ሁሌ ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1925 አሜሪካዊቷን ዋናተኛ ገርትሩድ ኤደርሊን ከቻናሉ ያስወጣት አሰልጣኟ ነው። እሷ ደህና ነበርኩ ብላለች።

ሌላ አባል፦ አሰልጣኙ ራሱ ቻናሉን ለመሻገር ከ20 ጊዜ በላይ ሞክሮ አልተሳካለትም። ቀንቶ ነው።

አባል፦ ቅናቱን በምን አወቅክ?

መልስ፦ ኧረ ወደ ጉዳያችን ተመለሱ። ኤደርሊ እ.ኤ.አ. በ1926 በሌላ አሰልጣኝ ተሻገረች፣ ከእሷ በፊት ከተሻገሩት ወንዶች ሁሉ ፈጥና። ጀግና ናት። ግን "ደህና ነኝ" ማስረጃ አይሆንም። እኔም የእናቴ ስም ጠፍቶብኝ ደህና ነኝ ስል ነበር።

ጥያቄ፦ ትንሽ ብትታገስ 3 ኪሎ ሜትር ምን አላት?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ስወጣ ሙቅ ሻወር ልግባ?

መልስ፦ በፍጹም! ከወጣህ በኋላም የሰውነትህ ሙቀት መውረዱን ይቀጥላል። ሻወር ውስጥ ራስህን ስተህ ትወድቃለህ። ቶሎ ደራርበህ ልበስ፣ ለብ ያለ ነገር ጠጣ፣ ሰው አጠገብህ ይሁን።

ጥያቄ፦ ትመለሳለህ?

መልስ፦ እንግሊዛዊው ዋናተኛ ማቲው ዌብ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1875 የመጀመሪያ ሙከራው በአየሩ ምክንያት ተቋርጦ ከ12 ቀን በኋላ ተሻገረ። እኔ ለከርሞ ነሐሴ ጀልባ ይዣለሁ። ኮዳዬ ላይም በመዳፍ የሚያዝ ሰፊ ማንጠልጠያ አስሬበታለሁ።