የኮንሰርት ቀረጻ ድምፅ እንዳይሰነጣጠቅ

ጤና ይስጥልኝ። የቀረጻውን መጠን ዝቅ አድርገው ሳለ፣ በኪስ መቅረጫ የቀዱት ኮንሰርት ባሱ በመታ ቁጥር ለምን እንደሚሰነጣጠቅ ጠይቀዋል።

በመጀመሪያ ብልሽቱ የት ላይ እንደሚፈጠር መለየት ያስፈልጋል። ድምፁ ከማይክራፎኑ ወደ መቅረጫው የውስጥ ማጉያ፣ ከዚያም ድምፁን ወደ ቁጥር ወደሚቀይረው ዲጂታል መለወጫ ስለሚሄድ፣ ከሁለቱ ቀዳሚዎች አንዱ ከአቅሙ በላይ ከተጫነ መጠኑን ዝቅ ማድረግ የተበላሸውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ከመቅዳት ያለፈ ጥቅም አይሰጥም። ፋይሉን በኮምፒውተር ሲከፍቱ የሞገዱ ጫፍ ከ0 ዲሲቤል (ከዲጂታል ቀረጻ ጣሪያ) በታች እያለ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ችግሩ ከመለወጫው በፊት ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው።

እንዲህ ከሆነ የማይክራፎኑን ስሜት (ለድምፅ ያለውን ንቃት) መምረጫ፣ መሣሪያዎ ካለው፣ ሎው (ዝቅተኛ) ላይ ያድርጉት፤ መጠኑን በራሱ የሚያስተካክለውንም አውቶማቲክ ያጥፉት። ከዚያም በ24 ቢት (ዝቅተኛ ድምፅን ጭምር በዝርዝር በሚመዘግብ አቀዳድ) እየቀዱ ኃይለኛው ምት ከ-12 ዲሲቤል እንዳያልፍ ያስተካክሉ፤ 24 ቢት ሰፊ ትርፍ ስላለው ዝቅ ብሎ የተቀዳውን ቤት ገብተው ያለ ጉዳት ከፍ ማድረግ ይችላሉ። እንደ ዙም ኤች1 ኢሴንሻል ያሉ በ32 ቢት ፍሎት (እጅግ ሰፊ የድምፅ መጠን በሚይዝ አቀዳድ) የሚቀዱ መሣሪያዎች የዲጂታሉን ጣሪያ ጭንቀት ያስቀራሉ፤ ሆኖም የማይክራፎኑን የራሱን አቅም አይጨምሩም።

ከሁሉ በላይ የምመክረው ግን ከባትሪ ሳጥን ኃይል የሚያገኝ ውጫዊ ማይክራፎን በላይን መግቢያው (ጠንካራ ምልክት በሚቀበለው መሰኪያ) በኩል ማገናኘትን ነው፤ በዚህ መንገድ ስሜታዊው የማይክ ማጉያ ይታለፋል። ከሚክሰር (የመድረኩን ድምፆች ከሚያቀላቅለው መሣሪያ) የሚመጣ ገመድም ቢሆን በማይክ መግቢያ በፍጹም አይሰካ። ይህን ሁሉ ማድረግ ካልቻሉ ከድምፅ ማጉያዎቹ ራቅ ብለው ይቁሙ።