ቱርቦ ለተገጠመለት 1.6 ኮሮላ የኢንጀክተር መጠን፦ ስሌቱ ከደሴ ሳይሆን ከሚሌ ይጀምር

ወንድማችን ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ነዋሪነታቸው ደሴ ሲሆን 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ባለው ኮሮላቸው ላይ ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) አስገጥመዋል። የቱርቦውን ግፊት በ0.6 ባር ወስነው ደሴ ላይ 150 ያህል የፈረስ ጉልበት ማግኘት ይፈልጋሉ፤ ለሥራም በኮምቦልቻና በባቲ አድርገው ሚሌ ድረስ ይመላለሳሉ። አንዱ መካኒክ በደቂቃ 550 ሲሲ የሚያፈስ ኢንጀክተር (ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጭ ክፍል) እንዲያስገቡ ሲመክራቸው፣ ሌላው ደግሞ የፋብሪካው ኢንጀክተር ሳይነካ የነዳጁ ግፊት ቢጨመር ይበቃል ብሏቸዋል። እኔ እዚሁ ደሴ ኢንጀክተር በማጠብና በመለካት ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ሁለቱንም ምክር እንዳይቀበሉ የምለው በምክንያት ነው።

የኢንጀክተር መጠን የሚወሰነው ሞተሩ በሚያወጣው ከፍተኛ ጉልበት ነው። ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር በሙሉ ጭነት ላይ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት በደቂቃ 6.3 ሲሲ ገደማ ቤንዚን ይፈልጋል፤ ቱርቦ የሌለው ግን 5.25 ያህል ይበቃዋል። ልዩነቱ የሚመጣው ቱርቦ ያለው ሞተር በጭነት ጊዜ የሚቃጠለው ድብልቅ ከልክ በላይ እንዳይግል ተጨማሪ ነዳጅ ስለሚሰጠው ነው። እንግዲህ 150 በ6.3 ሲባዛ 945 ሲሲ ይሆናል፤ ለአራት ኢንጀክተሮች ሲካፈል እያንዳንዱ 236 ሲሲ ይደርሰዋል። ነገር ግን ኢንጀክተር ያለ ዕረፍት ተከፍቶ እንዲሠራ አይደረግም፤ ካለው ጊዜ ከ80 እስከ 85 በመቶ ብቻ ተከፍቶ እንዲቆይ ይታሰባል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር ለአንድ ሙሉ የሥራ ዑደት ያለው ጊዜ 20 ሚሊሰከንድ ስለሆነ፣ 80 በመቶው 16 ሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ 236 ለ0.8 ሲካፈል 295 ሲሲ ይመጣል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስሌቱን ዘግቶ 300 ሲሲ ይገዛል። ደሴና ቦሩ ሜዳ ላይ ብቻ ለሚነዳ ሰው ይህ ትክክል ነው። የእርስዎ መንገድ ግን ወደ ሚሌ ይወርዳል፤ ለጥያቄዎ ዋናው ጉዳይም ይኸው ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 0.75 ባር ገደማ ነው፤ ሚሌ ግን 500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ 0.95 ባር ይደርሳል። በምንጭ (ስፕሪንግ) ብቻ የሚሠራ ዌስትጌት፣ ማለትም ግፊቱ ከተወሰነው እንዳያልፍ የሚከላከል ቫልቭ፣ የቱርቦውን ግፊት የሚቆጣጠረው ከአካባቢው አየር አንጻር ነው። ስለዚህ ጌጁ በሁለቱም ቦታ 0.6 ባር ቢያሳይም፣ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ጠቅላላ ግፊት ደሴ ላይ 1.35 ባር፣ ሚሌ ላይ ደግሞ 1.55 ባር ይሆናል። ይህም 15 በመቶ ገደማ የሚደርስ የአየር ጭማሪ ማለት ነው፤ አየሩ ሲጨምር ነዳጁም በዚያው ልክ መጨመር አለበት። ደሴ ላይ 150 የነበረው ጉልበት ታች ሲደርስ ወደ 172 ይጠጋል። በዚያው መንገድ ሲሰላ የሚያስፈልገው ኢንጀክተር 340 ሲሲ ይሆናል። የቆላው ሙቀት አየሩን በማሳሳት ከዚህ ጭማሪ የተወሰነውን እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ ሆኖም ሌሊት ወይም ንጋት ላይ የሚጓዝ ሰው በሙቀቱ ላይ ተማምኖ ኢንጀክተሩን ማሳነስ የለበትም። 300 ሲሲው ታች ሲደርስ ከጊዜው 90 በመቶ ተከፍቶ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ቆሻሻ ከያዘው ድብልቁ ነዳጅ ያንሰውና ፒስተኑ ይጎዳል።

በእኔ አስተያየት 360 ሲሲ አካባቢ ያለው ይስማማዎታል። ሚሌ ላይ በ75 በመቶ፣ ደሴ ላይ ደግሞ በ66 በመቶ ይሠራል፤ መጠባበቂያም ይተርፈዋል።

550 ሲሲ ለምን አይሆንም ቢሉ፣ ችግሩ በሙሉ ጉልበት ጊዜ ሳይሆን በሚኒሞ (መኪናው ቆሞ ሞተሩ ያለ ጭነት ሲዞር) ጊዜ ነው። በሚኒሞ ላይ የፋብሪካው ኢንጀክተር በእያንዳንዱ ጊዜ የሚከፈተው ከ2 እስከ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ ከዚህ ውስጥ 1 ሚሊሰከንድ የሚጠጋው ነዳጅ ሳይፈስ በኢንጀክተሩ ውስጥ ያለው መርፌ ለመነሳት ብቻ የሚያልፍ ጊዜ ነው። መጠኑ ሦስት እጥፍ የሆነ ኢንጀክተር ሲገባ ለነዳጁ የሚቀረው ጊዜ ወደ ግማሽ ሚሊሰከንድ ይወርዳል። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ በተለይ ያረጁ ኢንጀክተሮች አንዱ ከሌላው ጋር እኩል አይረጩም። ውጤቱም የሚንቀጠቀጥ ሚኒሞ፣ የሚጠቁር ካንዴላና በከተማ ውስጥ ያለ ጥቅም የሚቃጠል ቤንዚን ነው። የባትሪው ኃይል ዝቅ ሲል መርፌው ለመነሳት የሚፈጅበት ጊዜ ስለሚረዝም በቀዝቃዛ ጠዋት ይብሳል።

ግፊት ስለመጨመር የተነገረዎት ምክር ደግሞ የራሱ ወሰን አለው። የነዳጁ መጠን የሚያድገው በግፊቱ ልክ ሳይሆን በግፊቱ ካሬ ሥር ልክ ነው። ከ3 ወደ 4 ባር ቢያሳድጉት የሚያገኙት ጭማሪ 15 በመቶ ብቻ ነው፤ እጥፍ ለማግኘት አራት እጥፍ ግፊት ያስፈልጋል። ፓምፑ ደግሞ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር የሚያቀርበው መጠን ይቀንሳል። ከዚህ ይልቅ የነዳጁን ግፊት የሚቆጣጠረው ሪጉሌተር ከኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ ከሚገባበት ክፍል) ጋር በቱቦ መገናኘቱን ያረጋግጡ። ካልተገናኘ ቱርቦው 0.6 ባር ሲገፋ በኢንጀክተሩ ላይ የሚቀረው የግፊት ልዩነት ከ3 ወደ 2.4 ባር ይወርድና ከነዳጁ 10 በመቶ ያህሉን ያጣሉ። ፓምፑም ሚሌ ላይ የሚያስፈልገውን በሰዓት 65 ሊትር ገደማ ከበቂ ትርፍ ጋር፣ በ3.6 ባር ግፊት ላይ ማቅረብ መቻል አለበት።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርደው ያገለገለ ከገዙ፣ በቀለሙ ወይም በሻጩ ቃል አይመኑ። መጀመሪያ በሜትር ኦሙን (የኤሌክትሪክ መቋቋሙን) ይለኩ፤ ከ12 እስከ 16 ኦም የሚያሳየው በአብዛኛው ከኮሮላው ኮምፒውተር ጋር ይሄዳል፤ ከ2 እስከ 5 ኦም የሚያሳየው ግን ያለ ሬዚስተር ከተገጠመ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ቀጥሎ አራቱንም ማሽን ላይ አስረው በ3 ባር ግፊት ለአንድ ደቂቃ ያስፈስሱ፤ በመካከላቸው ከ3 በመቶ የበለጠ ልዩነት ካለ ታጥበው እንደገና ይለኩ። በተለይ ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን የሚገዛ ሰው የነዳጅ ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት፤ ተደፍነው የሚመጡልኝ ኢንጀክተሮች አብዛኞቹ በዚሁ ምክንያት የተጎዱ ናቸው።

ኮምፒውተሩ ለአዲሱ መጠን ሳይስተካከል መኪናውን በጭነት አይንዱ። ከተስተካከለ በኋላ ዋይድባንድ ኦክስጅን ሴንሰር (ከጭሱ የአየርና የነዳጅ ምጣኔን የሚለካ መሣሪያ) አስገጥመው በሐረጎ ዳገት በ3ኛ ማርሽ እስከ ሙሉ ግፊት ይፈትኑት፤ በጭነት ጊዜ ንባቡ፣ ማለትም ለአንድ እጅ ቤንዚን የሚገባው አየር በክብደት፣ ከ11.5 እስከ 12 ባለው ውስጥ መቆየት አለበት። ይህ ተሳክቶ እንኳን ፈተናው ግማሽ ነው። ሐረጎ ደጋ ስለሆነ ያንኑ ሙከራ ከባቲ በታች ይድገሙት፤ ኢንጀክተሩ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ እዚያ ከ85 በመቶ ካለፈ፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ የቱርቦውን ግፊት ወደ 0.4 ባር ዝቅ አድርገው ይመለሱ።