ዕድሜው ከታወቀ መመዘኑ ለምን?

ሰሞኑን አንድ ተለማማጅ ሐኪም «ጋሼ፣ የልጁ ዕድሜ ከታወቀ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ለማንበብ ኪሎና ቁመት ምን ያደርጋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ቶሎ አልመለስኩለትም። አንዲት የመንዝ ልጅ ትዝ አለችኝ።

ደብረ ብርሃን የመጣችው በአባቷ ጋቢ ተጠቅልላ ነው። ትንሽ ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አባትየው ከደረት ኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ከዓመት በፊት ሌላ ቦታ የታየችበት ኤኮ ነው። የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ደም ሲሞላ ስፋቱ 48 ሚሊሜትር ይላል። ከሥሩ «ጤናማ» ተብሏል። ለትልቅ ሴትማ ልክ ነው፤ እስከ 52 ድረስ ችግር የለውም። እሷ ግን እኛ ስንለካት እንኳ ቁመቷ 140 ሴንቲሜትር፣ ክብደቷ 30 ኪሎ ነበር። ሁለቱን አባዙና ለ3600 አካፍሉ፤ ስኩዌር ሩቱ የሰውነቷን ስፋት ይሰጣችኋል፤ 1.08 ካሬ ሜትር ገደማ። ለዚህች ልጅ 48 ብዙ ነው፤ ዚ-ስኮሩ፣ ማለትም ልኬቱ በሰውነት ስፋት ከሚመስሏት ጤነኛ ልጆች አማካይ ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳየው ቁጥር፣ ከ2 ያልፋል። ሚትራል ቫልቯ፣ በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ያለው በር፣ ደም ወደ ኋላ ያፈሳል። ከቶንሲል የመጣ የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በየወሩ መወጋት የነበረባት ፔኒሲሊን ዓመት ሙሉ ሳይጀመር አልፏል።

«ጤነኛ ናት ስላሉኝ ውሃ አስቀዳት ነበር እኮ» አሉኝ አባትየው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ወረቀቱ ላይ የቁመትና የኪሎ ቦታ እንኳ አልነበረም።

ዕድሜማ በገጠር ብዙ ጊዜ ግምት ነው። ቢታወቅም የእኩዮች ቁመት እኩል አይደለም። ወንድ ወይም ሴት መሆንስ ብትሉ፣ የሰውነት ስፋት ከታሰበ ከጉርምስና በፊት ልዩነቱ ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ የወንዶቹ የልብ ጡንቻ ይከብዳል።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ። ልጆች ጋቢያቸውን እንደለበሱ ሚዛን ላይ ይወጣሉ። አስወልቋቸው። ለኤኮ ደረት ላይ የሚቀባውን ጄልም ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆዩት። ቀዝቃዛ ጄል ደረቱ ላይ ሲያርፍ የሚያለቅስ ልጅ ልብ አይለካም።

የዛሬ ልጆች ዚ-ስኮሩን በስልካችሁ ቶሎ ታወጡና ታምኑታላችሁ። እኔ ቁጥር ብቻ አትመኑ ባይ ነኝ። የመንዟ ልጅ ግን ቁጥሩ ቢሰላላት ሕመሟ ቶሎ ይታወቅ ነበር ትሉኝ ይሆናል። እሱም እውነት ነው። ብቻ ብዙ የሚሮጥ ሰው ልብ ያለ ሕመምም ሊሰፋ ይችላልና፣ በማለዳ አስፋልቱ ላይ ከሚሮጡት ልጆች አንዱ ልቡ ሰፋ ብሎ ሲመጣላችሁ፣ በሳምንት ምን ያህል እንደሚሮጥ ሳትጠይቁ «ልቡ አብጧል» ብላችሁ እንዳትጽፉበት።