ሦስት ቁጥር እንዴት ይበቃል?

ጥያቄ፦ የእርሳስ ኒውክሊየሶች ሲላተሙ በሺዎች የሚቆጠሩ ቅንጣቶች እንደሚፈልቁ አነበብኩ። ተመራማሪዎቹ ከየዓይነቱ ስንት እንደሚወጣ በሦስት ቁጥር ብቻ እናሰላለን ይላሉ፤ አንዱም ሙቀት ነው። ብልጭ ብሎ ለሚጠፋ ነገር የምን ሙቀት? የቁጥር ጨዋታ አይሆንም?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ጨዋታ ግን አይደለም። ሞዴሉ የእያንዳንዱን ቅንጣት ጉዞ አይከታተልም። ያለው ጉልበት በሚቻለው መንገድ ሁሉ በእኩል ዕድል ቢከፋፈል ከየዓይነቱ ስንት ይገኛል? የሚጠይቀው ይህን ብቻ ነው። ቀላሉ ይበዛል፣ ከባዱ ያንሳል። ምን ያህል እንደሚያንስ የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1950 የፊዚክስ ሊቁ ኤንሪኮ ፌርሚ አነሳው፤ በ1965 ደግሞ የአውሮፓ የቅንጣት ምርምር ማዕከል በሆነው ሰርን ውስጥ ሮልፍ ሃገዶርን አሰፋው።

ሁለተኛው ቁጥር ይዘት ነው፤ ቅንጣቶቹ የሚፈልቁበት ትኩስ ነገር የሚይዘው ቦታ ስፋት። ሦስተኛው ቁስ ከፀረ-ቁስ ምን ያህል እንደሚበልጥ ይናገራል። በሰርን ትልቁ ማፋጠኛ ይህኛው ወደ ዜሮ ይጠጋል። የአሊስ መመርመሪያን ልኬት ይዩት፦ ፊት ለፊት በተላተሙት ግጭቶች፣ በመካከለኛው የራፒዲቲ (በጨረሩ አቅጣጫ ያለው ፍጥነት መለኪያ) ክፍል፣ ፖዘቲቭ ፓይዎን (ከፕሮቶን በጣም የቀለለ ቅንጣት) ወደ 730፣ ፕሮቶን 34፣ ፀረ-ፕሮቶን 33 ገደማ ነው።

ሙቀቱ በጉልበት መለኪያ ሲገለጽ ወደ 156 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይወጣል፤ 1.8 ትሪሊዮን ኬልቪን መሆኑ ነው። እኔን ያሳመነኝ ይህ ቁጥር ነው። የፕሮቶንና የመሰሎቹ መሥሪያ የሆኑት ኳርኮች ወደ እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች የሚለወጡበት ሙቀት በኮምፒውተር ለብቻው ተሰልቷል፤ የግጭቱን ቆጠራ ጨርሶ ሳይነካ። ያም 156.5 አካባቢ ነው። ሁለት የማይገናኙ መንገዶች እንዲህ ሲገጥሙ አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ስሌቱንና ልኬቱን በሚያነጻጽረው ግራፍም ላይ ከፓይዎን እስከ ፀረ-ሂሊየም-4 ኒውክሊየስ ድረስ፣ በብዛት ቢሊዮን እጥፍ ልዩነት እያለ፣ የሞዴሉ መስመር የልኬቱን ነጥቦች ይከተላል።

እውነተኛው ራስ ምታት ዲዩትሮን ነው፤ አንድ ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን የተያያዙበት ኒውክሊየስ። ፕሮቶኑንና ኒውትሮኑን ያያያዘው ጉልበት 2.2 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው። 156 ውስጥ እንዴት ተረፈ? ሞዴሉ ብዛቱን በትክክል ይናገራል፣ አሠራሩን ግን አይነግረንም። አንዳንዶች እዚያው እሳቱ ውስጥ ተፈጠረ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ነገሩ ሲበርድ ተጠግተው የተገኙት ተጣበቁ ባዮች ናቸው። በትልልቅ ግጭቶች ሁለቱን መለየት አዳጋች ነው። ስለዚህ ትንንሾቹን መመልከት ይሻላል፤ በተለይ ከዲዩትሮን ይልቅ የላላውን ሃይፐርትራይተን፣ ማለትም ፕሮቶን፣ ኒውትሮንና ላምዳ የሚባል ቅንጣት የተያያዙበትን ኒውክሊየስ። ፕሮቶን ከእርሳስ ሲጋጭ የተገኘውና አሊስ በ2022 ያሳተመው ልኬት ወደ መጣበቁ ያደላል።