ስለ ራስ አሉላ ለምትከራከሩ ልጆቼ

ባለፈው ወር እዚህ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ባለችው አሮጌ ቢሮዬ ቡና ልጠጣ ጎራ ብዬ ሳለ፣ ቦታዬን ከተረከበው ጠበቃ ዘንድ በልምምድ ላይ ያሉ ሁለት ወጣቶች በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የጦር መሪ በራስ አሉላ አባ ነጋ ምክንያት ሊኳረፉ ደርሰው አገኘኋቸው። አንደኛው «ከአድዋ በፊት ወራሪን ያንበረከከ ጀግና ነው» ይላል፤ ሁለተኛዋ «ለማን ጀግና? አገር ያቃጠለ ገዥ ነው» ትላለች። ሁለቱም ስልካቸውን እንደ ማስረጃ ወደ እኔ ዘርግተው «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ። ሠላሳ አራት ዓመት በጥብቅና ለኖረ ሰው፣ ዕድሜ ልኩን ሌላው እንዲፈርድለት ሲለምን ከርሞ፣ «ፍረድ» መባል ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ በዚያን ቀን ቡናዬን ጠጥቼ ሳልፈርድ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ለእነርሱና እንደ እነርሱ ለምትከራከሩ ሁሉ ነው።

ዝም ያልሁት አንድ የቆየ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው። የታናሽ ወንድሜ የበኩር ልጅ የተወለደው በ1979 ዓ.ም. ነው። አሉላ ምጽዋ አጠገብ ጣሊያንን የመታበት የዶጋሊ ድል መቶኛ ዓመት በመንግሥት ደረጃ የተከበረበት ዓመት ስለ ነበር ወንድሜ ልጁን አሉላ አለው፤ ቤተ ዘመዱም «ስሙን ያውጣው» ብሎ መረቀ። በ1989 ዓ.ም.፣ ልጁ የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ምሳዬን ወደ ቢሮ ያመጣልኝ ነበር። አዳማ ያኔ የአሰብ መንገድ ከተማ ነበረች፤ ከባድ መኪኖች በአስፋልቱ ዳር ተሰልፈው ያድራሉ፣ ከደንበኞቼም ብዙዎቹ ሾፌሮችና የመኪና ባለንብረቶች ነበሩ። አንድ ቀን በግጭት ካሣ ጉዳይ የወከልሁት ሾፌር፣ በምዕራብ ኤርትራ ባሬንቱ አጠገብ የተወለደ፣ ከኩናማ ሕዝብ የሆነ ሰው፣ ልጁ ሳህኑን ሲያስቀምጥ ስሙን ጠየቀው። ልጁም «አሉላ» አለ። ሰውዬው ጥቂት ቆይቶ፣ የቁጣ ምልክት ሳይታይበት፣ «በእኛ ቤት ይህ ስም ለልጅ አይወጣም» አለኝና ወደ ካሣው ነገር ተመለስን።

እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ የማውቀው አሉላ አንድ ብቻ ነበር። ተምቤን ውስጥ መነዌ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤት የተወለደ፣ ዘር ሐረጉ ሳይሆን ብልሃቱና ክንዱ ለራስነት ያበቃው ሰው። ልጅ ሳለ እኩዮቹን እንደ ጭፍራ አሰልፎ፣ ወደ ሰርግ ቤት ምግብ የተሸከሙ ሰዎችን መንገድ ላይ አስቁሞ «ወዴት ትሄዳላችሁ?» ቢላቸው፣ «ወደ ራስ አሉላ ግቢ» ብለው አሾፉበት፣ ሹፈቱም ትንቢት ሆነ ተብሎ ይነገራል። እንዲህ ያለ ተረት ለመሳፍንት ልጆች አያስፈልጋቸውም፤ ከታች ለተነሣ ሰው ግን ሕዝቡ ራሱ የሹመት ደብዳቤ ይጽፍለታል። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብፅን ጦር ከመቱት የዐፄ ዮሐንስ ሰዎች አንዱ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ የመረብ ምላሽ፣ ማለትም ከመረብ ወንዝ ማዶ ያለው የዛሬው የኤርትራ ደጋ፣ ገዥ ሆኖ ተሾመ፣ መቀመጫውንም በኋላ ወደ አስመራ አዛወረ። ዛሬ አስመራ ሲባል የጣሊያን ሕንፃ የሚታያችሁ ልጆች፣ ከጣሊያን በፊት መናገሻ ያደረጋት እርሱ መሆኑን ልብ በሉ።

ዶጋሊን በተመለከተ ነገሩ የሚጀምረው ከውል ነው፤ እኔም የሕግ ሰው ነኝና ከዚያ ልጀምር። በ1876 ዓ.ም. አድዋ ላይ በተፈረመው ስምምነት ዐፄ ዮሐንስ በሱዳን በኩል በማህዲ ጦር፣ ደርቡሽ በሚባለው፣ የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በአገራቸው በኩል እንዲወጡ ሲፈቅዱ፣ በምላሹ በከረን ዙሪያ ያለው የቦጎስ አገር እንዲመለስላቸውና ምጽዋ በእንግሊዝ ጥበቃ ለንግዳቸው ክፍት እንድትሆን ቃል ተገባላቸው። ዓመት ሳይሞላው፣ በ1877 ዓ.ም.፣ ጣሊያን በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋን ያዘች። አሉላ በመስከረም 1878 ዓ.ም. ኩፊት ላይ ከማህዲ ጦር ጋር ተዋግቶ ብዙ ሰው አጥቶ ሲያሸንፍ፣ በስተጀርባው ውሉ ፈርሶ ነበር ማለት ነው። ጣሊያን ከምጽዋ ወደ ሰዓጢ ሲገፋ፣ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. የጣሊያንን ምሽግ አጠቃ፤ በዚያን ቀን ግን ተመከተ። በማግስቱ ለምሽጉ ስንቅና እርዳታ ይዞ የሚመጣውን ጭፍራ ዶጋሊ ላይ ከቦ ደመሰሰ። የሰዓጢውን ቀን በቀረርቶ ውስጥ አታገኙትም። የፉከራ ልማዱ ነውና አልፈርድበትም፤ ታሪክ ልጽፍ ብሎ የተነሣ ሰው ግን ሁለቱንም ቀን መጻፍ አለበት።

ሮማ ውስጥ በትልቁ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ እስከ ዛሬ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በሌተና ኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስ ሲመሩ ዶጋሊ ላይ የተከበቡት ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው ከጥንታዊት ግብፅ በተወሰደ ሐውልት ላይ ቆሟል፤ በሰው ድንጋይ የራስን ሙታን ማሰብ እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ እናንተው አስቡት። ከአምስት መቶዎቹ ብዙዎቹ ቢሞቱም ቆስለው የተረፉ እንደ ነበሩ ይታወቃል፤ አደባባዩ ግን ቁጥሩን አልቀነሰም። እኛም ብንሆን ከዚህ የተሻልን አይደለንም፤ በዶጋሊ ከወደቁት ከአሉላ ወታደሮች መካከል የአንዱን እንኳ ስም ጥሩልኝ ብላችሁ የምታውቁትን ሁሉ ጠይቁ። እኔ ጠይቄ ያገኘሁት ዝምታ ነው።

አሁን ወደ ሾፌሩ ቃል ልመለስ። ከዶጋሊ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የአሉላ ጦር ወደ ኩናማና ወደ ጎረቤታቸው ወደ ናራ ሕዝብ አገር ዘምቶ ነበር። ሰው ተገደለ፣ ከብት ተነዳ፣ መንደር ተቃጠለ። የዚያ ዘመን ጦር ደመወዝ የሚቆረጥለት አልነበረም፤ ወታደሩ የሚኖረው በገበሬው ጎተራና በዘመቻ ምርኮ ስለ ነበር፣ የሚያስገብሩት አገር ሁሉ በአንድ በኩል ግዛት፣ በሌላ በኩል ስንቅ ነበረ። በደጋውም ቢሆን ሁሉ አላመሰገነውም። በአስመራ ዙሪያ ያለው የሐማሴን አገር ባላባት ራስ ወልደ ሚካኤል ሰለሞን በእርሱ እጅ ታስረዋል፤ ለእርሳቸው ወገኖች አሉላ ከመረብ ማዶ የመጣ ሹም ነበር። እንግዲህ አንድ ተምቤኔ፣ አንድ ሐማሴኔ፣ አንድ ኩናማና አንድ ሮማዊ ስለዚህ ሰው ቢመሰክሩ አራቱም ሳይዋሹ ሊለያዩ ይችላሉ።

በችሎት ያየሁት ይኸው ነው። ጀማሪ ጠበቃ የምስክሮች ቃል ሲጋጭ አንዱ በሐሰት መስክሯል ብሎ ይነሣል፤ የበሰለው ግን በመስቀለኛ ጥያቄው አስቀድሞ «የት ቆመህ ነው ያየኸው?» ይላል። በር ላይ የቆመ የገባውን ያያል፣ ጓሮ ያለ የወጣውን። ስለ ጦር መሪ ስትከራከሩም ይህችን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሙልኝ፤ በመጀመሪያም ለራሳችሁ ጠይቁ። የአሉላን ታሪክ ከማን ሰማኸው? ያ ሰው የማን ልጅ ነው? የእርሱ አያት በዚያ ጊዜ ከጦሩ ጋር ነበር ወይስ ጦሩ የመጣበት?

አደራ፣ ይህን ስል «ግማሽ ጀግና፣ ግማሽ ጨካኝ» ብላችሁ እንድታካፍሉት አይደለም። እንዲህ ያለው ነገር ሽምግልና እንጂ ፍርድ አይባልም። እያንዳንዱ ተግባር የራሱ መዝገብ አለው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በዶጋሊ ያደረገውን አገሩን የሚጠብቅ ሹም ማድረግ የነበረበት ነው እላለሁ፤ ያለ መብቱ ወደ ሰው አገር ከገፋ ጦር ጋር ነው የተዋጋው። በኩናማ አገር የተደረገው ግን «የዘመኑ ልማድ ነው» በሚል አንድ ቃል የሚዘጋ መዝገብ አይደለም። ይህን ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ፤ ከብቱ የተነዳበት ሰውም የዚያው ዘመን ሰው መሆኑ ይረሳል። እርሱ ልማዱን ወዶት እንደ ነበር የነገረን የለም።

ስለ ጥቅስም አንድ ነገር ልበል፤ ስልካችሁ በጥቅስ ተሞልቷልና። አሉላ «ጣሊያን ሰዓጢ የሚመጣው እኔ ሮማን ለመግዛት የምሄድ እንደ ሆነ ነው» ማለቱ በሰፊው ይነገራል። ደስ የሚል አነጋገር ነው፤ እኔም ወጣት ሳለሁ በቃሌ ይዤው ነበር። ወደ እኛ የደረሰው ግን በ1880 ዓ.ም. ለማስታረቅ በተላከው በእንግሊዛዊው ጄራልድ ፖርታል በኩል ነው። አሉላ በትግርኛ ተናግሮ፣ አስተርጓሚ ተርጉሞ፣ እንግሊዛዊው በቋንቋው ጽፎ፣ ሌላው ወደ አማርኛ መልሶ ነው እናንተ ዘንድ የመጣው። በችሎት የስሚ ስሚ የምንለው ይህ ነው። አትጥቀሱት አልልም፤ ስትጠቅሱ ግን በማን አፍ እንደ መጣ አብራችሁ ተናገሩ። ምንጩ ከማይታወቅ፣ ትናንት በሥዕል ላይ ከተለጠፈ «የአሉላ ቃል» ይልቅ ይህ እጅግ የተሻለ መሆኑንም እመሰክራለሁ።

ከሁለቱ ወጣቶች አንዳቸውም ያላነሡት የሰውዬው መጨረሻ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ጣሊያን በዚያው ዓመት አስመራን ያዘ፤ አሉላ መናገሻውን አጥቶ ከዐፄ ዮሐንስ ልጅ ከራስ መንገሻ ጋር በትግራይ ቀረ። በ1886 ዓ.ም. ከራስ መንገሻ ጋር አዲስ አበባ ወርዶ ለዐፄ ምኒልክ ገባ፤ በየካቲት 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከሌሎቹ መኳንንት ጋር ተሰለፈ። ግብፅ፣ ደርቡሽና ጣሊያን ያልገደሉት ሰው በ1889 ዓ.ም. ከተምቤኑ ራስ ሐጎስ ጋር በተደረገ የእርስ በርስ ውጊያ በደረሰበት ቁስል ሞተ፤ በአባ ገሪማ ገዳምም ተቀበረ። ይህ ፍጻሜ ለማንም መፈክር አይመችም፤ ብዙ የማይወራውም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ግን ስለ ዶጋሊ ካነበብሁት ይልቅ ይህ ያስተክዘኛል።

መቐለ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያው በስሙ ይጠራል። ባለፉት የጦርነት ዓመታት ደግሞ ስሙ ለአንዱ ፉከራ፣ ለሌላው ስድብ ሲሆን ሰምተናል። በቢሮዬም ያየሁት የዚያን ርዝራዥ ነው፤ ልጆቹ «አሉላ» እያሉ ዓይናቸው የሚያርፈው አንዱ በሌላው የትውልድ ቦታ ላይ ነበር። እናንተ በአዳማ ያደጋችሁ ልጆች ይህን ከማንም ቀድማችሁ ልታውቁት ይገባ ነበር። ይህች ከተማ ራሷ በፋይሎቼ ውስጥ ግማሹ ላይ ናዝሬት፣ ግማሹ ላይ አዳማ ተብላ ተጽፋለች፤ በየትኛው እንደ ጠራሃት ሰው የት እንደ ቆምህ ይገምታል፣ ቡናውን ግን በአንድ በረንዳ እንጠጣለን።

የወንድሜ ልጅ አሁን የልጆች አባት ነው። ስሙን አልለወጠም፤ ለምን ይለውጣል? ባለፈው ፋሲካ ግን ያን ቀን አንሥቶ ይጠይቀኝ ጀመር፤ ሾፌሩ ታሪኩን ከማን ነበር የሰማው? ከየትኛው መንደር? ከቤተ ዘመዱ የሞተ ነበረ ወይስ ከብት ብቻ ነው የተነዳው? ስሙን የከለከለው አያቱ ነው ወይስ ቅድመ አያቱ? አንዱንም አልጠየቅሁም ነበር። ሌላውን ሁሉ መስቀለኛ ስጠይቅ የኖርሁ ሰው፣ ፊቴ የተቀመጠውን ምስክር ሳልጠይቀው ወደ ካሣው ሒሳብ ተመለስሁ። ገንዘቡ ተከፍሎት ሄደ፤ በተከታዩ ዓመት ግንቦት የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ሰውዬውን ዳግመኛ አላየሁትም። መዝገቡ አሁንም በአሮጌው መደርደሪያ ላይ አለ። የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር፣ የጉዳቱ ግምት፣ የትራፊክ ፖሊሱ ንድፍ ሁሉ በየተራቸው ተያይዘዋል፤ ስለ ስሙ የተነገረው ግን አንድ መስመር እንኳ አልሰፈረበትም።