ወረዳ ፍርድ ቤት ብገባ ታች እቀር ይሆን?

ጥያቄ፦ ደሴ ነው የምኖረው። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቄያለሁ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ በነገረ ፈጅነት ሊቀጥረኝ ነው። ልቤ ያለው ግን ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ጓደኞቼ «እዚያ ሰበር፣ ማለትም የሕግ ስህተትን በመጨረሻ የሚያየው የበላይ ችሎት፣ ያለውን ከመድገም ሌላ ሥራ የለም፤ የወሰንሽውም ይሻርብሻል» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ጓደኞችሽ የነገሩሽ ግማሹን ነው። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 454 መሠረት የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234ም ይህንኑ ይዞ ቀጥሏል። ደሴ የምትሠራ ዳኛም ከዚህ አትወጣም።

አስገዳጁ ግን የሕግ ትርጉሙ ነው። ምስክር ፊት ለፊት የምትሰማው፣ ጭብጥ፣ ማለትም ክርክሩ የሚወሰንበትን ነጥብ፣ የምትይዘው፣ ማስረጃ የምትመዝነው የስር ዳኛዋ ናት። ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖር አለመኖሩን ነው። ስለዚህ የበላይ ዳኞች የሚያስቡት ታች በተጻፈው መዝገብ ላይ ተመሥርተው ነው። ጭብጡ ከተዛባ መዝገቡ «እንደገና ይጣራ» ተብሎ ይመለሳል። ከገጠር እየተመላለሰች በቀጠሮ የምትንገላታ እናት ዋጋውን ትከፍላለች። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ምክንያቱ ጥርት ብሎ የተጻፈ ፍርድ ሲሆን ደግሞ ይግባኝ ሰሚው መልስ ሰጪውን እንኳ ሳይጠራ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 337 ይግባኙን ሊዘጋው ይችላል። ሰበርም የቀድሞ አቋሙን የሚለውጥበት ጊዜ አለ። ለዚያ የሚያበቃው ከታች የሚመጣለት ጉዳይ ነው። «ይህ ጉዳይ ቀድሞ ከተተረጎመው በዚህ በዚህ ይለያል» ብላ በድፍረት የጻፈች የወረዳ ዳኛ ለላይኞቹ የሚያስቡበትን ነገር ሰጠች ማለት ነው።

መሻርን አትፍሪ። ሕጉ አከራካሪ ሆኖ ቢሻርብሽ ነውር የለውም። ማስረጃ ሳትሰሚ ቀርተሽ ከተሻረብሽ ግን ሊከነክንሽ ይገባል።

ነገረ ፈጅነትም የተከበረ ሥራ ነው። ቤተሰብ የሚጠብቀው ደመወዝ ካለ ግቢበት፤ ፍርድ ቤቱን በኋላም ታመለክቻለሽ። ከመወሰንሽ በፊት ግን ደሴ ግልጽ ችሎት ገብተሽ ተቀመጪ። የምታውቂው ጠበቃ ካለም ከወረዳ ተነስቶ ሰበር የደረሰ ጉዳይ ፍርዶችን እንዲያሳይሽ ጠይቂው። ከታች ጀምረሽ ወደ ላይ አንብቢ። የበላዩ ፍርድ ቤት ከወረዳው ፍርድ የትኛውን አረፍተ ነገር እንደተቀበለ፣ የትኛውን እንደነቀፈ አስምሪበት። ይህ ሥራ ካልሰለቸሽ ለፍርድ ቤቱ አመልክቺ።